ተራራው ብቻውን አላዳናትም

ሌሶቶ በካርታ ላይ ስትታይ በሰፊ ማሳ መሃል ማረሻ ሳይነካው እንደ ቀረ ጉብታ ናት። ዙሪያዋን የከበባት አንድ አገር ብቻ ነው፤ በየትኛውም በር ቢወጡ የሚደርሱት ደቡብ አፍሪካ ነው። ስፋቷ 30 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም ከ2 ሚሊዮን ብዙ ያልዘለለ ነው። መላ መሬቷ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር የማያንስ ብቸኛዋ ነጻ አገር እሷ ናት፤ ዝቅተኛው ቦታዋ 1,400 ሜትር፣ የታባና ንትሌንያና ጫፍ ደግሞ 3,482 ሜትር ነው። ወደዚያ የሚጓዝ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህች ትንሽ አገር እንዴት ሳትዋጥ ቀረች ብሎ ነው። የጉዞ መጻሕፍት ጥያቄውን በአንድ ቃል ይዘጉታል፦ ተራራዋ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ዋናው ነው። በዚያ አካባቢ ተራራ የነበራቸው ብዙዎች ነበሩ፤ አገር ሆነው የቀሩት ግን የሌሶቶን ሕዝብ፣ ባሶቶዎችን የመሰሉ ጥቂቶች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ተራራው ላይ በተቀመጠው ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው ጠላቱን ሲያሸንፍ እንኳ የሚመለስበትን መንገድ ይተውለት ነበር፤ የቅርቡን ጉልበተኛ ለማራቅ የሩቁን መጥራትም ያውቅ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሞሽዌሽዌ ነው። በ1786 ገደማ ሜንኮአኔንግ በምትባል መንደር የአንድ አነስተኛ ጎሣ አለቃ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ሌፖኮ ነበር። ሞሽዌሽዌ የሚለውን ስም ያወጣለት ዘረፋ ነው። የአንድ ጎረቤት አለቃ ከብት ጠራርጎ ከነዳ በኋላ የአለቃውን ጢም እንደ ላጨው አድርጎ ፎከረ፣ ስሙም የምላጭ ድምፅ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሰላም ወዳድ ሆኖ የተወለደ ሰው አልነበረም፤ ሰላምን የተማረው ዘመኑ አስገድዶት ነው። በ1820ዎቹ ባሶቶዎች ሊፋቃኔ የሚሉት የጦርነት፣ የስደትና የረሃብ ዘመን ምድሩን አመሰው። መነሻውን አንዳንዱ የታሪክ ጸሐፊ ከዙሉ መንግሥት መስፋፋት፣ ሌላው ከቅኝ ገዢዎች የከብትና የጉልበት ፍለጋ ጋር ያያይዘዋል፤ ውጤቱ ላይ ግን ክርክር የለም፤ መንደር ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሰውን እስከ መብላት ደረሰ። በ1824 ሞሽዌሽዌ ሕዝቡን ይዞ ከቡታ ቡቴ ወደ ታባ ቦሲዩ አምባ ሲሄድ ሽማግሌው አያቱ ፔቴ መንገድ ላይ በሰው በላዎች እጅ ወደቀና ተበላ። ሰው በላዎቹ ተይዘው ሲቀርቡ ተከታዮቹ ደም እንዲመለስ ጠበቁ። ሞሽዌሽዌ ግን እነዚህ ሰዎች የአያቴ መቃብር ናቸው፣ መቃብር ደግሞ አይረበሽም አለ ይባላል፤ የማንጻት ሥርዓት አስፈጽሞ፣ ከብትና መሬት ሰጥቶ ገበሬ አደረጋቸው።

ይህን ታሪክ እንደ ቅዱስ ገድል ብቻ ማንበብ ዋናውን ነገር ያስጥላል። ምሕረቱ ሥርዓት ነበረው፤ ሥርዓቱም ማፊሳ ይባላል። አለቃው ላሟን ለስደተኛው በአደራ ይሰጣል፤ ስደተኛው ወተቱን ይጠጣል፣ በበሬው ያርሳል፣ ከብቱ ግን የአለቃው ሆኖ ይቆያል። የእኛ ገበሬ የርቢ ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ እዚያ ግን አገር የተሠራው በዚህ ነው። ቤቱ ተቃጥሎ፣ ዘመዱ አልቆ፣ ባዶ እጁን ታባ ቦሲዩ ሥር የደረሰ ሰው በሳምንቱ ላም አላቢ ይሆናል፤ ላሟን ከሰጠው ሰው ደግሞ በቀላሉ አይሸፍትም። ቋንቋው ሌላ፣ ጎሣው ሌላ የሆነ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ባሶቶ የሆነው እንዲህ ነው። ሌላው ማሰሪያ ፒትሶ ነው፤ ወንዱ ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ አለቃ ፊት ለፊት የሚወቀስበት የሕዝብ ጉባኤ። ሞሽዌሽዌ ልጆቹንና ወንድሞቹን እንኳ እንደ ልቡ ማዘዝ የማይችል፣ ብዙ ነገር በልመናና በማግባባት የሚያስፈጽም ገዢ ነበር። ይህ ድክመቱ ኋላ ዋጋ አስከፍሎታል፤ የማግባባትን ጥበብ ያስተማረውም ግን እሱው ነው።

ጥበቡ ወደ ውጭ ሲዞር መጀመሪያ የታየው በ1831 ነው። የንዴቤሌዎቹ ንጉሥ የምዚሊካዚ ጦር ታባ ቦሲዩን ሊወጣ ሞከረ፤ ከላይ የድንጋይ ናዳና ጦር ወረደበት፣ ብዙ ሰው ጥሎ አፈገፈገ። እንደ ልማዱ ቢሆን ሸሺን ማሳደድ፣ ቢያንስ ከአምባው ላይ ሆኖ መሳደብ ነበር። ሞሽዌሽዌ ግን ከኋላቸው ከብት ላከ፤ ያመጣችሁ ረሃብ ነውና ይህን መንገድ ላይ እየበላችሁ ግቡ የሚል መልእክት አስከተለበት። ንዴቤሌዎች ከዚያ በኋላ ታባ ቦሲዩን አልነኩም። ይህ የዋህነት ነው የሚል ሰው ሂሳቡን ይመልከት። ጥቂት ሰንጋ ወጪ ሆነ፤ የተገኘው ደግሞ ቂም ይዞ የማይመለስ ጠላት ነው። ተሸንፎ የተዋረደ ጦር ውርደቱን ለማጠብ ይመለሳል። ተሸንፎ የተመገበ ጦር ግን ወደ ንጉሡ ሲገባ የሚያወራው ስለ ራሱ ሽንፈት ሳይሆን ስለዚያ እንግዳ አለቃ ነው።

ቀጥሎ የመጣው አደጋ ግን በከብት የሚመለስ አልነበረም። ጠመንጃና ፈረስ ያላቸው ኮራናዎች፣ ከእነሱም በኋላ ከእንግሊዝ የኬፕ ቅኝ ግዛት የወጡት፣ ቦኤር የሚባሉት ነጭ ገበሬዎች ወደ ካሌዶን ወንዝ፣ ባሶቶዎች ሞሆካሬ ወደሚሉት ለም ሸለቆ ገፉ። ሞሽዌሽዌ ጠመንጃ ሰበሰበ፣ ፈረስ አረባ፤ ከሁሉ ይበልጥ ግን ጽሕፈት ፈለገ። ሚሲዮናውያን ለሌሎች አለቆች ሰላምና ዕውቀት እንዳመጡ ሲሰማ አንድ ሚሲዮን ለማስመጣት 200 ከብት ላከ፤ ከብቱ መንገድ ላይ ተዘረፈ፣ ወሬው ግን ደረሰ። በ1833 የፓሪስ ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ካዛሊስ፣ አርቡሴና ጎስላን መጡ፤ ሞሪጃ ላይ ሰፈሩ። ካዛሊስ ለሃያ ዓመት ያህል የንጉሡ ጸሐፊና አማካሪ ሆነ። ንጉሡ ራሱ ባይጽፍም ልጆቹን ኬፕ ታውን ልኮ አስተማረ፤ እነሱም ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሆኑ። መጤዎቹ ፈረንሳውያን መሆናቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከእንግሊዝም ከቦኤርም ወገን አልነበሩምና። በ1862 ካቶሊኮች ሲመጡም ፕሮቴስታንቶቹ እያጉረመረሙ መሬት ሰጣቸው። በአንድ ምርኩዝ ብቻ መደገፍን አይወድም ነበር። በ1843 ከኬፕ ገዢ ከናፒየር ጋር ውል ሲፈርም ግዛቱ በወረቀት ላይ ሰፈረ። ወረቀት መሬት አይጠብቅም፤ መሬቱ ሲወሰድ ግን ተወሰደብኝ ብሎ ለመጮህ መነሻ ይሆናል። ሞሽዌሽዌ ከዚያ በኋላ ለሃያ አምስት ዓመት ያንን ወረቀት ይዞ ጮኸ።

ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ የ1852ቱ የበሬያ ውጊያ ነው። እንግሊዞች በ1848 በኦሬንጅና በቫል ወንዞች መካከል ያለውን አገር የራሳቸው ብለው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሻለቃ ዋርደን ያሰመረው ድንበር የባሶቶን ለም መሬት ቆርጦ ለነጭ ገበሬዎች አደለ። ወሰን ሲጣስና ከብት ሲዘራረፍ ቆይቶ የኬፕ ገዢ ጄኔራል ካትካርት ጦር ይዞ መጣና 10,000 ከብትና 1,000 ፈረስ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲከፈል አዘዘ። ሞሽዌሽዌ 3,500 ያህል ከብት ሰበሰበ፤ ቀሪውን ለመክፈል ጊዜ ለመነ፣ አልተሰጠውም። ዲሴምበር 20 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር በበሬያ አምባ ላይ ሲዘምት የባሶቶ ፈረሰኞች ከየገደሉ ወጥተው አጣደፉት፤ ከ30 በላይ ወታደሮች ሞቱ፣ ጄኔራሉም ያሰበውን ሳያደርግ ማታ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ያን ሌሊት ታባ ቦሲዩ ላይ የድል ሌሊት ነበር። ሞሽዌሽዌ ግን ጸሐፊውን ጠርቶ ደብዳቤ አስጻፈ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ኃይልህን አሳይተሃል፣ ቀጥተኸናል፣ የወሰድከው ከብት ይብቃህ፣ ሰላም ስጠኝ። አሸናፊው እንደ ተሸናፊ ጻፈ። ካትካርት ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ቅጣቱ ተፈጽሟል ብሎ ጦሩን ይዞ ተመለሰ። ድሉን ለጠላቱ በጽሑፍ አስረክቦ መሬቱን ያተረፈ ንጉሥ በታሪክ ውስጥ ብዙ አላውቅም። ያን ሌሊት ፎክሮ ቢሆን ኖሮ ካትካርት በእጥፍ ጦር ከመመለስ ሌላ ምርጫ አይኖረውም ነበር፤ ኢምፓየር የሚያስበው ስለ ክብሩ ነውና።

የተራራው ወገን እዚህ ላይ ይከራከራል፤ ደብዳቤው የተጻፈው አምባው ስላለ ነው፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ለመጻፍ ጊዜ እንኳ አያገኝም ይላል። እውነት ነው፤ ታባ ቦሲዩ ባይኖር ሞሽዌሽዌ በ1831 አልቆ ነበር። ሆኖም ቦታውን ያየ ሰው ይገረማል። ስሙ የሌሊት ተራራ ማለት ነው፤ ሲመሽ ያድጋል የሚል ወግ አለው። ቀን ላይ ግን ከሸለቆው 100 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያው ገደል፣ ላዩ ላይ ምንጭና ግጦሽ ያለው አምባ ነው። በዚያው አገር ደቡብ የባፉቲዎቹ አለቃ ሞሮሲ ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ተራራ ነበረው። በ1879 በኬፕ መንግሥት ላይ ሲያምፅ እዚያ ላይ ለስምንት ወር ያህል ተከላከለ፤ በኖቬምበር ወታደሮች በመሰላል ወጥተው ገደሉት። በዚያው ወር፣ በሰሜን በኩል፣ የፔዲዎቹ ንጉሥ ሴኩኩኔ በተራራ ምሽጉ ውስጥ ተሸነፈ፤ እሱ ከሦስት ዓመት በፊት የትራንስቫልን ቦኤሮች መልሶ ነበር። ሁለቱም ጀግኖች ናቸው፣ ሁለቱም ተራራ ነበራቸው። ተራራ ጊዜ ይገዛል፤ በተገዛው ጊዜ ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ግን ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሌሶቶን ያዳናት እንግሊዝ ነው፣ እንግሊዝ ደግሞ ለራሱ ጥቅም ነው የሚለው። እዚህ ላይ መሸፈን አያስፈልግም። እንግሊዞች በ1854 ለቀው ሲወጡ በኦሬንጅና በቫል መካከል ያለውን አገር ለቦኤሮች የኦሬንጅ ነጻ ግዛት ትተው ነው። ቦኤሮቹ በ1858 ወግተው አልተሳካላቸውም። በ1865 እንደገና መጡ፤ አዛዣቸው ሎው ዌፔነር የታባ ቦሲዩን መውጫ ሲወጣ ተገደለ፣ አምባውም ሳይያዝ ቀረ። ቦኤሮቹ ግን ገደሉን ትተው እህሉን አቃጠሉ፣ ከብቱን ነዱ። የሞሽዌሽዌ ልጅ ሞላፖ ለብቻው ታረቀ፤ የወንድማማቾቹ መከፋፈል የታየው እዚህ ነው። በ1866 ንጉሡ አብዛኛውን የሚታረስ መሬት አሳልፎ የሚሰጥ ውል ፈረመ። ባሶቶዎች ውሉን የማሽላ ሰላም ይሉታል፤ የተፈረመው ማሽላው እስኪሰበሰብ ድረስ ብቻ እንዲቆይ ነበርና። ጦርነቱ ወዲያው ተቀጣጠለ፣ ሕዝቡ ሊያልቅ ሲል ማርች 12 ቀን 1868 የኬፕ ገዢ ዉድሃውስ አገሩን ባሱቶላንድ በሚል ስም የእንግሊዝ ግዛት አድርጎ አወጀ። ዉድሃውስ ቦኤሮች ጠንክረው ወደ ባሕር እንዳይጠጉ ይፈራ ነበር፤ ጥቅም ነበረው። ግን ይህ ጥቅም በ1854ም ነበር፣ ያኔ ማንም አላየውም። ከዚያ ወዲህ ሞሽዌሽዌ ደጋግሞ ጻፈ፣ መልእክተኛ ላከ፤ በ1862 ለመጡት የእንግሊዝ ልዑካን ከንግሥቲቱ ጥበቃ እንደሚሻ፣ ሕዝቡን ግን በራሱ ሕግ እንደሚገዛ አስረዳ። ጉዳዩ በመዝገብ ቤት ተከምሮ፣ ስሙ ታውቆ፣ ውሎቹ ተቆጥረው ባይቆዩ ኖሮ የዉድሃውስ ፍርሃት የሚይዘው እጀታ አያገኝም ነበር።

ንጉሡ አገሬ የንግሥቲቱ ብርድ ልብስ ይሁን፣ ሕዝቤም በውስጡ ያለ ቅማል አለ ይባላል። ለክብሩ ለሚሳሳ አንባቢ ቃሉ ይጎመዝዛል፤ አንዳንዶችም ራስን ማዋረድ ነው ብለው ይተቹታል። እኔ እንዲህ አላነበውም። ቅማል የብርድ ልብሱ ባለቤት አገልጋይ አይደለም፤ ሙቀቱን እየወሰደ በራሱ ደንብ ይኖራል፣ ልብሱ ሲወረወር ብቻ ይጠፋል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው፣ እህሉ የተቃጠለበት ሽማግሌ በዚህ ቃል የጠየቀው ሕዝቤ ይኑር የሚለውን ነው። ክብሩን በ1852 ሌሊት አንዴ ሸጦ መሬት ገዝቷል፤ በ1868 ደግሞ ሸጦ ሕይወት ገዛ።

ምን ተረፈና ነው የሚል ሦስተኛ ተቃዋሚም አለ። በ1869 በአሊዋል ኖርዝ እንግሊዝና ቦኤር ተስማምተው ድንበር ሲያሰምሩ ከካሌዶን ምዕራብ ያለው ለም መሬት ለቦኤሮች ቀረ፤ ለባሶቶ የተረፈው ከወንዙ ወዲህ ያለው ቀጭን ዝቅተኛ መሬትና ተራራው ነው። ስንዴና ማሽላ ለጎረቤት ይሸጥ የነበረ ሕዝብ ቀስ በቀስ ጉልበቱን ለማዕድን ጉድጓድ የሚሸጥ ሆነ። ጉዳቱን አሳንሼ አላየውም። ሚዛኑን ለማየት ግን ከወንዙ ማዶ የቀሩትን ባሶቶዎች መመልከት ይበቃል። የሞሽዌሽዌ ግማሽ ወንድም ጳውሎስ ሞፔሊ በ1867 ከነጻው ግዛት ጋር ለብቻው ታርቆ ዊትሲስሁክ በሚባል ተራራማ ጥግ መሬት ተሰጠው። ያ ጥግ ኋላ ኳኳ ተብሎ የአፓርታይድ መንግሥት ለጥቁሮች ከከለላቸው ግዛቶች፣ ከባንቱስታኖች ሁሉ ትንሹ ሆነ፤ ከነጭ እርሻ የተባረሩ ሰዎች እየተጫኑ የሚራገፉበት ቦታ። ቋንቋው አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ተራራውም ያው ድራከንስበርግ ነው። ከወንዙ ወዲህ ግን፣ በ1913 ደቡብ አፍሪካ ለጥቁሩ ሕዝብ ከመሬቷ 7 በመቶ ያህሉን ብቻ በሕግ ስትመድብ ሌሶቶ ውስጥ ነጭ ሰው የመሬት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር።

ሞሽዌሽዌ ማርች 11 ቀን 1870 ሊጠመቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ። መንገዱ ግን አብሮት አልሞተም። እንግሊዝ በ1871 ባሱቶላንድን ለኬፕ መንግሥት አስረከበች፤ ኬፕ ደግሞ በ1880 ባሶቶዎች በማዕድን ሥራ ላባቸው የገዙትን ጠመንጃ አስረክቡ አለች። ልጁና ወራሹ ሌትሲዬ በአደባባይ ለመንግሥት ታማኝ ሆኖ ተቀመጠ፤ የሌትሲዬ ልጅ ሌሮቶሊና አጎቱ ማሶፋ ግን ጦር መሩ። አንዱ እጅ ይዋጋል፣ ሌላው እጅ የዕርቅ በር ይይዛል። ኬፕ ጦርነቱ ሲበዛባት በ1881 ታረቀች፤ ጠመንጃው በፈቃድ ስም ከባለቤቶቹ ጋር ቀረ። በ1884 አገሪቱ በቀጥታ ወደ እንግሊዝ ዘውድ ተመለሰች። በ1909 የደቡብ አፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግ ሲወጣ ባሱቶላንድ ወደፊት የምትተላለፍበት አንቀጽ በሕጉ ውስጥ ተጻፈ፤ የባሶቶ ልዑካን ለንደን ድረስ ሄደው ተቃወሙ። አንቀጹ ሳይፈጸም ኖሮ ኦክቶበር 4 ቀን 1966 ሌሶቶ ነጻ ሆነች።

ነጻነቱ ምሉዕ ነበር አልልም። በዲሴምበር 1982 የደቡብ አፍሪካ ኮማንዶዎች ዋና ከተማዋ ማሴሩ ገብተው ስደተኞችንና ባሶቶዎችን፣ በጠቅላላው 42 ሰው ገደሉ፤ በ1986 መጀመሪያ ላይ ድንበር ሲዘጉባት መንግሥቷ በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት የተፈረመው የውሃ ውል 185 ሜትር ከፍታ ያለውን የካትሴን ግድብ ወለደ፤ የተራራው ውሃ ዛሬ ወደ ጆሃንስበርግ አካባቢ ይፈስሳል፣ ሌሶቶም ትሸጠዋለች። ንጉሡ ደግሞ ያስጠጋው ሁሉንም አልነበረም። ከሁሉ በፊት በተራራው ይኖሩ የነበሩት የሳን አዳኞች መንግሥቱ ወደ ከፍታው ሲሰፋ ጠፉ፤ ከፊላቸው ተዋሕዱ፣ ከፊላቸው ተገደሉ፣ ሃ ባሮአና ያለው የዋሻ ሥዕላቸው ቀረ። ይህን የማይጠቅስ የሌሶቶ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች የሳኒን መተላለፊያና የካትሴን ግድብ ከማየታችሁ በፊት ከማሴሩ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ታባ ቦሲዩን ውጡ፤ የሞሽዌሽዌ መቃብር እዚያ ነው፣ የሞተበት ማርች 11 ዛሬም የአገሪቱ በዓል ነው። ከደቡብ አፍሪካዋ ብሉምፎንቴን በመኪና ከመጣችሁ ደግሞ ድንበሩ ከመድረሱ በፊት በግራና በቀኝ የሚታየውን የስንዴ ማሳ ልብ በሉት። ሌዲብራንድና ፊክስበርግ የተባሉት ከተሞች የተሠሩት በቦኤሮቹ ጦርነት በተወሰደው መሬት ላይ ነው፤ በደቡብ በኩል ያለችው ዌፔነርም ስሟን ያገኘችው ታባ ቦሲዩ ላይ ከወደቀው አዛዥ ነው። በ2023 የሌሶቶ ፓርላማ ያ መሬት እንዲመለስ በቀረበ ሐሳብ ላይ ተወያይቷል።